ሩቢ ትበላለች

ሰው ሁሉ አንድ የሚፈራው ነገር አያጣም። አንዱ እባብ ይፈራል፣ አንዱ ሌባ፣ አንዱ አማቱን። እኔ ሳላዳላ ሁሉንም እፈራለሁ። በር ቆልፌ እተኛና መቆለፉን ለማየት እነሳለሁ፤ ካየሁ በኋላ ደግሞ ሳይ ከፍቼው እንዳልሆነ ለማረጋገጥ እንደገና እነሳለሁ። ልጄ ምህረት ታክሲ ስትሳፈር ታርጋውን እጽፋለሁ፤ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ታርጋ ለመጻፍ አያንስም። ባለቤቴ፣ የምህረት አባት፣ «አንቺ መንግሥተ ሰማያት ብትገቢ እንኳ በሩ ከኋላሽ መዘጋቱን ሳታዪ አትቀመጪም» ይለኛል። እውነቱን ነው። ክፍት በር ደስ አይለኝም።

እንዲህ ያለች ሴት ጆሃንስበርግ ውስጥ አልፓካ አርቢ ሆነች ቢባል ማን ያምናል? ሆሳዕና ያለችው እህቴ አላመነችም። ፎቶ ስልክላት «ይሄ በግ ምን ነክቶት ነው አንገቱ እንዲህ የረዘመው? ሐኪም አሳዩት እንጂ!» አለችኝ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። አልፓካ አንገቷ የግመል፣ ፀጉሯ የበግ፣ ሽፋሽፍቷ የሙሽራ ነው። አስተያየቷ ደግሞ የመኖሪያ ወረቀታችሁን ልታሳድሱ ስትሄዱ መስኮት ውስጥ ተቀምጣ ቀና ብላ የምታያችሁን ሴትዮ ነው የሚመስለው። የምትረባው ለፀጉሯ ነው፤ በዓመት አንዴ ትሸለትና ለስላሳ ክር ይወጣታል። ደስ ሲላትም ሲከፋትም «እምምም» ትላለች። ለመጸዳዳት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ብቻ ነው የምትሄደው፤ በዚህ በኩል ከብዙ ሰው ትሻላለች። ስትናደድ ግን ትተፋለች። ምራቅ እንዳይመስላችሁ፤ ከሆዷ አውጥታ፣ አረንጓዴውን፣ ሦስት ጊዜ አጥባችሁም አፍንጫችሁ የማይረሳውን።

የምንኖረው ከዛንድስፕሩት ሰፈር ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ባለቤቴ ስፓዛ ሱቁን ሰፈሩ ውስጥ ይሠራል፤ እኛ ደግሞ ከዚያ በእግር በሚደረስበት በአንዲት ነጭ አሮጊት ሰፊ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተናል። አሮጊቷን ሰው ሁሉ ኦማ ይላቸዋል፤ በነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ባላቸው ሲሞቱ ሦስት አልፓካ ትተውላቸዋል፤ ሁለቱ ሴቶች ፐርልና ሩቢ ናቸው፣ ወንዱ ካፕቴን።

እንግዲህ ጣጣው የጀመረው ኦማ ዳሌያቸው ተቀይሮ በብረት ሊተካ ነው ሲባል ነው። (ዳሌ ይቀየራል ሲሉኝ አንድ ሳምንት ሙሉ የራሴን ዳሌ ስዳብስ ነበር።) ኬፕታውን ያለው ልጃቸው ዘንድ ለስድስት ወር ሊሄዱ ሆነና አንድ ጠዋት በምርኩዝ መጥተው፣ በሳቸው እንግሊዝኛና እኔ ሱቅ ውስጥ በለቀምኩት ዙሉ መሀል በምንግባባበት ቋንቋ፣

«ማማ ምህረት፣ እንስሳቶቼን ትጠብቂልኛለሽ?» አሉኝ።

ፍርሃቴ ሳይደርስ አፌ ቀደመና «እሺ» አለ።

ለምን እንዳልኩ ኋላ አሰብኩት። እኛ አገር ከብት የሌለው ሰው ለቅሶ ቤት እንኳ ጥግ ላይ ነው የሚቀመጠው። እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ዳቦና ሳሙና ስሸጥ፣ የኔ ብዬ የምጠራው የሚተነፍስ ነገር ቢኖር ባሌና ልጄ ብቻ ናቸው። እነሱ ደግሞ አይታለቡም፣ አይሸለቱም።

ስለዚህ አፌ አንዴ ከተከፈተ አይቀር ብዬ «በኛ ደንብ የሰው ከብት ያሳደገ ከሚወለደው እኩል ይካፈላል» አልኳቸው።

ኦማ ሳቁ። «ፐርል ተከታትላ ወልዳ ደክማለች፤ ካፕቴንን አርቂላት፣ ትረፍ። ሩቢ ደግሞ መካን ናት። ሦስት ዓመት ጠበቅኳት። ስመለስ አንበሳ ለሚያረባ እርሻ ሥጋ የሚያቀርብ ሰውዬ አለ፣ ይወስዳታል።»

«ለአንበሳ?»

«ምን ላድርግ፣ ማማ? ከወለደች ግን እኩል አይደለም፤ ልጇ ሙሉ በሙሉ ያንቺ፣ እሷም እዚሁ ትኖራለች» አሉና እንደገና ሳቁ። ባሕሩን ጠጥተሽ ከጨረስሽ ጀልባው ያንቺ ነው እንደማለት ነበር።

ሄዱ። እኔና ሩቢ ተያየን። «እምምም» አለች። እኔም አልኩ።

እናቴ ላም ስትገዛ ዓይኗን አታምንም ነበር፤ እጇን ነበር የምታምነው። አልፓካዎቹ በኦማ ዳሌ ምክንያት ባለፈው ዓመት ሳይሸለቱ ቀርተው ሦስቱም እንደ ፍራሽ አብጠዋል፤ የጠገበና የተራበ አይለይም። እጄን የሩቢ ፀጉር ውስጥ እስከ ክርኔ ከተትኩና ጀርባዋን ዳሰስኩ። መጋዝ! አጥንት ብቻ! የፐርልን ዳሰስኩ። ትራስ!

በማግስቱ ድርቆሽ ሳቀርብ ቆሜ አየሁ። ፐርል እንደ ክፉ ጣውንት ናት፤ ሩቢ አንገቷን ዘርጋ ስታደርግ ትተፋባታለች። ሩቢ ራቅ ብላ ትቆማለች፣ ፐርል ስትጨርስ የተረፈውን ትለቅማለች። ሦስት ዓመት ሙሉ መካን የተባለችው ለካ ጦሟን ነበር የምታድረው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሩቢን ለብቻዋ አጥሬ፣ መጥረጊያ ይዤ በሩ ላይ እየቆምኩ አበላኋት። ፐርል ምሳ ከልካይ ማን እንደሆነ ሲገባት ፊቷን ወደኔ አዞረች። ያን ሰሞን ያልተተፋበት ቀሚስ አልነበረኝም። ሱቁ ውስጥ ስገባ ደንበኞቹ ወረፋውን ጥለውልኝ ይወጡ ጀመር።

ፀደይ ሲሆን ሸላቹ መጣና ሦስቱንም ላጫቸው። በማግስቱ ዝናብና ብርድ። ሩቢ እንደ ተላጨች ቆማ ስትንቀጠቀጥ ሳይ አላስቻለኝም፤ ቤት ገብቼ መጀመሪያ እጄ የገባውን አምጥቼ አለበስኳት። እሑድ ጠዋት የምህረት አባት ቁም ሣጥኑን ይገለብጣል።

«የቸርች ኮቴ የት ገባ?»

«ሩቢ ለብሳዋለች።»

  በመስኮት አየ። «በላዩ ላይ ቆልፈሽላታላ!» አለ። ታዲያ ቁልፉ ክፍት ሆኖ ምን ይሞቃታል?

ከዚያ በኋላ ነው ሩቢ የከፋችው። ኦማ ያደርጉ እንደነበረው በየሁለት ሳምንቱ ካፕቴንን እሷ ዘንድ እናስገባው ነበር። ካፕቴን ሲገባ እየዘመረ ነው፤ ጉሮሮውን እንደ ጋን ያንኮራኩራል። ሩቢ ድሮ ዝም ብላ ትቀመጥለት ነበር። ያን ቀን ግን ጆሮዋን ወደኋላ አጥፋ፣ አገጯን ወደ ሰማይ አንስታ፣ ከአናቱ እስከ ደረቱ አረንጓዴ ቀባችውና ሮጠች። ደግመን አስገባነው። ደገመችው። ካፕቴን መዝሙሩን አቋርጦ አጥሩን ዘለለና በማግስቱ ፐርል ግቢ ውስጥ ተኝቶ ተገኘ። ለፐርል የተባለውን እረፍት አስቤ ደነገጥኩ፤ ለማንም ሳልናገር መለስኩት።

«ታማለች» አልኩ። «ክፉ መንፈስ ይሆናል።»

ጋሽ ሎምባሞን አስጠራሁ፤ የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ሊጸልዩ ነው ስል እሳቸው ግን ሩቢን ዙሪያዋን ዞሩና፣

«ታመሰኳለች?» አሉ።

«ታመሰኳለች፣ ጋሽዬ።»

«ሰኮናዋስ ስንጥቅ ነው? ቃሉ ሁለቱንም ይጠይቃል። ለበዓል ወንድሞች ቅርጫ እንግባ ብለው አስበው ነበር፤ ንጹሕ ትሁን ርኩስ መታወቅ አለበት» አሉና ጎንበስ ብለው የኋላ እግሯን አነሱ።

ሩቢ አንገቷን አዞረች። ረጅም አንገት ለዚህ ነው የተፈጠረው።

«በኢየሱስ ስም!» አሉ ጋሽ ሎምባሞ። ከጢማቸው እየተንጠባጠበ ነው። ምህረት ውሃ አምጥታ ስታጥባቸው «የግመል ዘመድ ናት እኮ፣ ጋሼ» አለቻቸው።

«ታዲያ ቀድመሽ አትናገሪም!» አሉ። «አትበላም። ለዘላለም አትበላም። ለማንም አትሁን!»

ለጸሎቱ ባይደርሱም ለኔ ግን ትልቅ ነገር አድርገውልኝ ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ ከቸርች ማንም በቢላዋ ዓይን አያያትም። የቀረን አንበሳው ብቻ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት ሽንኩርት ስከትፍ የምህረት አባት ከኋላዬ መጥቶ ምንም ሳያደርግ ቆመ፤ እንዲያው ቆመ። ያኔ ትዝ አለኝ። ምህረትን ሳረግዝ የዚህን ሰውዬ ጠረን ማየት፣ ይቅርታ፣ ማሽተት አልችልም ነበር። ኮቱን በመስኮት ወርውሬያለሁ። እሱ ሲገባ እኔ እወጣ ነበር። ቢላዋውን ጣልኩት።

«ሩቢ አርግዛለች!»

«ማን ነገረሽ?»

«አንተ ነሃ!»

እሱ ሳቀ። ምህረትም ሳቀች፣ «ማሚ፣ ፕሊስ፣ እንስሳና ሰው አንድ አይደለም» አለች። ስልኳን ከፍታ ግን ማየት ጀመረች፤ ልጄ እኔ ተሳስቻለሁ ለማለት ማስረጃ ሳትይዝ አትመጣም። ቆየች። ሳቋ ቆመ።

«ማሚ... ቴስት አለው። ወንዱ ሲቀርባት ከተቀመጠችለት አላረገዘችም። ከተፋችበት አርግዛለች።»

«ሃይቦ!» አልኩ፤ ደስታ በዙሉ ነው የሚወጣልኝ። «አራተኛ ክፍል እኮ ነው የተማርኩት! አምስተኛ ብገባ ምን ልሆን ነበር?»

«ለኦማ አሁኑኑ ልደውል!» አለች ምህረት።

ስልኩን ከእጇ ነጠቅኳት። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። በኛ ዘንድ እርግዝና አይወራም። የሰውም የላምም። ዓይን አለ፣ አፍ አለ፤ በሆድ ያለ ነገር ሳይወለድ በአደባባይ አይጠራም። እኔ ጌታን አምኜ ከዓይነ ጥላ ነፃ ወጥቻለሁ፤ ቢሆንም ተጠንቅቆ ነፃ መውጣት ይሻላል። ምህረትንም አባቷንም አስማልኳቸው።

ኦማ እሑድ እሑድ ይደውላሉ። «ልጆቼ እንዴት ናቸው?» «ደህና ናቸው፣ ኦማ።» «ሩቢስ?» «ሩቢ ትበላለች።» ሌላ ቃል አይወጣኝም። የመጀመሪያው ዳሌ ተቀየረ፣ ሁለተኛውም ይቀየር ተባለ፤ ስድስቱ ወር ዓመት አለፈው። እኔ በየሳምንቱ «ሩቢ ትበላለች» እላለሁ። ኦማ ምን ይላሉ? የምትበላና የማትወልድ እንስሳ ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ።

ዘጠነኛው ወር አለፈ። እኔ የማውቀው ዘጠኝ ነው፤ ለኔም ለላምም ዘጠኝ ነው። ምህረት «አሥራ አንድ ተኩል ነው፣ ማሚ፣ እዚህ ተጽፏል» ትለኛለች። «ስልክ አርግዞ ያውቃል?» እላታለሁ። አሥረኛው አለፈ። አሥራ አንደኛው አለፈ። የሩቢ ሆድ ተሸልቶ በበቀለው ፀጉር ውስጥ ተደብቋል፤ የምህረት አባት «ዝም ብላ ወፍራ ይሆናል እኮ፣ አንቺ ያበላሽው ሰው ሁሉ ይወፍራል» እያለ የራሱን ሆድ ያሳየኛል። እኔም በልቤ መጠራጠር ጀመርኩ። ሲጨንቀኝ ደግሞ ማብላት ነው የማውቀው። ከሆሳዕና በሰው እጅ የመጣ ቡላ ነበረኝ፤ ለወላድ አጥንት የሚጠግን፣ ለአራስ ተብሎ የተቀመጠ። በቅቤ አገንፍቼ፣ አብርጄ፣ አንድ ሳህን ሰጠኋት። ምህረት «ማሚ፣ ድርቆሽ ነው የምትበላው!» ብላ ስትጮህ ሩቢ ሳህኑን ልሳ ጨርሳለች።

በማግስቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ ድርቆሽ አልቀመሰችም። ወደ መጸዳጃ ቦታዋ ትሄዳለች፣ ታምጣለች፣ ምንም የለም። ትመለሳለች። እንደገና ትሄዳለች። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜ።  ሆዷን አደረቅኩት! አንበሳ ሳይደርስባት በቡላ ገደልኳት!

ልክ ያን ጊዜ በሩ ላይ የባኪ ጡሩምባ ተሰማ። ባኪ እኛ ፒካፕ የምንለው ነው፤ የጭነቱ ቦታ በብረት ታጥሯል። ከፊት ወንበር ኦማ ሁለት ምርኩዝ ይዘው ወረዱ፤ ሳይነግሩኝ ሊያስደስቱኝ ብለው መምጣታቸው ነው። ከመሪው በኩል ቁምጣ የለበሰ፣ ጉልበቱ የኔን ራስ የሚያህል ሰውዬ ወረደ። ገመድ ይዟል።

ኦማን አቀፍኳቸው። ሰውየው ግን አላቀፈኝም፤ «የትኛዋ ናት?» አለ።

«ታማለች!» ብዬ ፊቱ ቆምኩ። «አትውሰዳት፣ ሆዷን ታማለች።»

«አንበሶቹ አይጨንቃቸውም» አለ።

«ማሚ፣ ንገሪያቸው!» ምህረት ከኋላዬ ትጮሃለች። «ማሚ!»

አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። አንድ ዓመት የታሰረ ቃል እንዲህ በቀላሉ አይወጣም። ሰውየው አጥሩን ከፈተ። ገመዱን ወረወረ። ያኔ፣

«አርግዛለች!» ብዬ ጮህኩ። በአማርኛ ነው የጮህኩት። ደነገጥኩና በዙሉ ደገምኩት፤ ከዚያ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ወደ ሩቢ እያሳየሁ በእንግሊዝኛ።

ኦማ አዝነው አዩኝ። «ኦ፣ ማማ። እኔም ሦስት ዓመት እንዲህ እል ነበር።»

«ቴስት አለው!» አለች ምህረት። «አባዬ፣ ካፕቴንን አምጣው! ከተፋችበት አርግዛለች፣ ኦማም ያውቃሉ።»

ኦማ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያውቃሉ። ሰውየው ሰዓቱን አየና ትከሻውን ነቀነቀ። የምህረት አባት ካፕቴንን እየጎተተ መጣ። ካፕቴን ሩቢን ሲያይ መዝሙሩን ጀመረ።  እኔማ «ትፊ፣ የኔ እናት፣ አንድ ጊዜ ትፊ» እያልኩ ነው። በሕይወቴ ሰው እንዲተፋ ለምኜ አላውቅም።

ሩቢ ካፕቴንን አየችው። እግሮቿን አንድ በአንድ አጠፈችና ተቀመጠች።

ተቀመጠች!

«በቃ» አለ ሰውየው።  ምህረት ስልኳን ወደ ኪሷ ከተተች። ኦማ ክንዴን ያዙኝ፤ እኔን ሊያጽናኑ ቢሆንም የሳቸውም ዓይን እንባ አቅርሯል። ሰውየው ከኋላዋ ሊያነሳት ጎንበስ አለ፣ እጁን ሰደደ፣ ቆመ። ደግሞ ጎንበስ አለ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ኦማ» አለ፣ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ። «አፍንጫ እያየኝ ነው።»

በርሬ ሄድኩ። አፍንጫ! ከአፍንጫው ሥር ሁለት ቀጫጭን እግሮች! ለካ ስታምጥ ነው ያረፈደችው፤ የተቀመጠችውም ለካፕቴን ሳይሆን ለምጧ ነው! ቡላዬ ከደሙ ንጹሕ ነው!

ሰውየው እግሮቹን ሊስብ እጁን ሲዘረጋ መታሁት። አዎ፣ ያን ግዙፍ ሰውዬ እጁን መታሁት። «አይጎተትም! እሷ ታውቃለች!» እናቴ ናት በኔ አፍ የተናገረችው። ሩቢ ተነሥታ ቆመች። ግማሹ ወጥቶ ተንጠለጠለ፣ በሁለት በኩል ራስ ያላት እንስሳ መሰለች። «እምምም» አለች፣ ረጅም። ከዚያ ሳሩ ላይ ጧ ብሎ ወደቀ።

አልተንቀሳቀሰም።

ፈሪ ሴት አንድ ጥቅም አላት፤ እንዲህ ያለውን ቀን በሐሳቧ ሺህ ጊዜ ስለኖረችው ሲመጣ አትደነግጥም። «ኮትህን!» አልኩ። የምህረት አባት አንድ ቃል ሳይናገር ኮቱን አውልቆ ሰጠኝ፤ ያንኑ የቸርቹን። አፍንጫውን ጠረግሁ፣ ጎኑን በኮቱ አሸሁ፣ አሸሁ፣ አሸሁ። አስነጠሰ! ራሱን አነሳ። አንገቱ እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ አለ። በትልልቅ ዓይኑ አየኝና «እም» አለ።

እልልታዬን ዛንድስፕሩት ድረስ ሰምተውታል አሉ። ፐርል እንኳ ያቺ ክፉ መጥታ አሸተተችውና ሳትተፋ ሄደች።

ሴት ናት። መልኳ እንደ ቡላ ነው፤ ስሟንም ቡላ አልናት። ሰውየው ገመዱን ጠቅልሎ፣ «አንበሶቹ ዛሬ ይጦማሉ» ብሎ እየሳቀ ባዶ ባኪውን አስነሣ። የኋላው በር ክፍት ነበር፤ «ዝጋው!» ብዬ ጮህኩበት። ወርዶ ዘጋው።

ኦማ በሁለቱ አዳዲስ ዳሌዎቻቸው ወንበር ላይ ተቀመጡና «ቃሌ ቃል ነው፤ ሙሉ በሙሉ ያንቺ ናት፣ ሩቢም የትም አትሄድም» አሉ። በኛ ወግ ሦስት ጊዜ እምቢ ብዬ በአራተኛው ነበር የምቀበለው። ግን ፈረንጅን አንዴ እምቢ ካላችሁት ያምናችኋል። ገና ሳይጨርሱ «እሺ!» አልኩ።

አሁን ከብት አለኝ። ለቅሶ ቤት ስሄድ መሀል ላይ ነው የምቀመጠው፤ ማንም ባያስቀምጠኝም ራሴ ሄጄ እቀመጣለሁ። የምፈራውም አልቀነሰም፤ የራሴን በር ሁለት ጊዜ፣ የቡላን በር አራት ጊዜ አያለሁ።

ያን ቀን ግን ኦማ ቡላ ጡት ስትጠባ እያዩ፣

«አንድ ዓመት ሙሉ እንዴት ሳትነግሪኝ ቀረሽ? ለአንበሳ ልሰጣት ነበር እኮ!» አሉኝ።

«በኛ አገር አይወራም፣ ኦማ።»

«ደግሞ እንዳትደብቂኝ።» ወደ ማዶ፣ ፐርል ብቻዋን ወደምትግጥበት በምርኩዛቸው አሳዩ። «እሷስ? ፐርልስ እንዴት ናት?»

አየኋት። ካፕቴን አጥሩን ዘልሎ እሷ ዘንድ የሄደው አንዴ ብቻ አይደለም። ባለፈው ሳምንትም ዘልሎ ነበር፤ ያኔ ግን ከጆሮው እስከ ጉልበቱ አረንጓዴ ሆኖ ነው የተመለሰው። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ፐርልማ» አልኳቸው፣ «ትበላለች።»